አይጨርሱት

(ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የንባብ ምሽት ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ።)

እንደምን አመሻችሁ። ይህን ዝናብ ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቴአትር ነው። ሙያዬ አይደለም፤ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። የምናገረው እንደ ተመልካች ነው። ዋናውን ነገር መጀመሪያ ላይ ላስቀምጠው። በተዋናይና በተመልካች መካከል ያለው ርቀት፣ ተውኔቱ ምን መናገር እንደሚችል ይወስናል። ከሩቅ ሲታይ የሚናገረው አለ። ከቅርብ ካልታየ ፈጽሞ የማይናገረው ደግሞ አለ። በከተማችን ይህን ሁለተኛውን የምናይበት ቦታ የለንም ማለት ይቻላል። ይህ በጣም ያሳስበኛል። የኛን ቤት ጠባይ፣ የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን ዝምታ የሚያውቀው እሱ ነውና።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ባለፈው በጋ ያየሁት አንድ ትንሽ ተውኔት ነው።

ቦታው ከሐይቁ ዳር መንገድ ገባ ብሎ ያለ ግቢ ነው። ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ስፋቱ ከአንድ መማሪያ ክፍል አይበልጥም። አርባ የሚሆኑ የፕላስቲክ ወንበሮች ግራና ቀኝ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል፤ ተመልካቹ ፊት ለፊት ይተያያል። መሐል ላይ ሰሌን ተነጥፏል። አንድ በርጩማ፣ አንድ አሮጌ ሻንጣ፣ አንድ የዓሣ መረብ። በቃ። መጋረጃ የለም፤ ማይክ የለም፤ መብራቱም ሁለት አምፖል ነው። መግቢያው 100 ብር። የሄድኩት የቀድሞ ተማሪዬ ስለጠራኝ ነበር፤ እምቢ ማለት ይሉኝታ ያዘኝ። ቀኑን ሙሉ ሳስተምር ስለዋልኩ ደክሞኛል። ትንሽ አይቼ ልወጣ አስቤ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ተዋናዮቹ ሁለት ናቸው፤ አባትና ልጅ። አባት በጣና ዳር መንደር የሚኖር ዓሣ አጥማጅ ነው። ልጁ ሊነጋጋ ሲል ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው። ተውኔቱ ያን አንድ ምሽት ብቻ ነው የሚያሳየው። ደላላ አይመጣም። ጠብ አይነሳም። የተደበቀ ምስጢር አይወጣም። እሷ ሻንጣዋን ታሰናዳለች፤ እሱ እምቦጭ የቀደደበትን መረብ ይጠግናል።

ወሬያቸውም የሰፈር ወሬ ነው። «ቻርጀሩን ያዝሽው?» ይላታል። «ይዣለሁ አባዬ» ትለዋለች። ታንኳው ውኃ መጠጣት ጀምሯል፤ ደንገል ታጭዶ ሌላ መሠራት አለበት። ቆሮሶ ዘንድሮ ጠፍቷል፤ የሚወጣው አምባዛ ነው። ዶሮዋን ማን ይጠብቃታል? ጎረቤቷ የተበደረችውን ወንፊት ገና አልመለሰችም። እንዲህ እንዲህ እያሉ ይመሻል።

አንድ ቦታ ላይ አባትየው ይነሳና በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ያመጣል። የዓሣ ቋንጣ ነው። «ለዚያ አገር ይሁንሽ» ይላታል። ልጅቷ ታየዋለች። «አባዬ፣ ኤርፖርት ላይ ይወስዱብኛል።» እሱ ትንሽ ዝም ይላል። ጨርቁን ይፈታል፤ እንደገና ጠበቅ አድርጎ ይቋጥራል። «እንግዲያው እስከ አዲስ አበባ ብዪው።»

ሆዴ የባባው እዚህ ላይ ነው። አባትየው አላለቀሰም፤ ድምፁ እንኳን አልተለወጠም። ዕቃ ሻንጣ ውስጥ አስገባ፤ ይኸው ነው። እኔ ግን መሐረብ ፍለጋ ኪሴን መዳበስ ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ እጆቹ ላይ ቀረ። መረቡን በእውነት ነበር የሚጠግነው። ክሩን ያሾልካል፣ ይስባል፣ ይቋጥራል። ቀዳዳው እየጠበበ ሄደ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ሻንጣዋ ባዞረች ቁጥር ግን አንድ ነገር ያደርጋል፤ አሁን የቋጠረውን በጥፍሩ ይፈታዋል። እንደገና ይጀምራል። መጀመሪያ ተሳስቶ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሲፈታው ገባኝ። መረቡ ካለቀ የሚተኙበት ሰዓት ይደርሳል፤ ከተኙ ደግሞ ይነጋል። ይህን የሚናገር አንድም ቃል በተውኔቱ ውስጥ የለም። ልጅቷም አላየችም፤ ወይም እንዳላየች ሆናለች። የምናውቀው በግድግዳው ጥግ የተቀመጥነው ሰዎች ብቻ ነን።

አጠገቤ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ተቀምጠው ነበር፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። አባትየው የመጨረሻውን ቀዳዳ ሊዘጋ ክሩን ሲያነሳ፣ እኚህ ሴት ድምፅ አውጥተው ተናገሩ።

«አይጨርሱት።»

ተዋናዩ ገና ወጣት ነው፤ በዕድሜ ልጃቸው ቢሆን ነው። እሳቸው ግን አንቱ አሉት። የተናገሩት ለአባትየው ነበር።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ወጣቱ ተዋናይ እጁን አቆመ። ቀና ብሎ አያቸው፤ ከሁለት ሜትር ርቀት፣ ዓይን ለዓይን። ከዚያ መረቡን ጉልበቱ ላይ አኖረው፤ ክሩንም አልቆረጠም። ልጅቷ ትንሽ ጠበቀች። ሻንጣዋን አንስታ ወጣች።

ካለቀ በኋላ ወደ ወጣቱ ተዋናይ ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት። ተውኔቱ ሲጻፍ አባትየው መረቡን እንዲጨርስና ክሩን በጥርሱ እንዲበጥስ ነበር። ልጅቷም የምትነሳው የክሩን መበጠስ አይታ ነው፤ የተስማሙበት ምልክት እሱ ነበር። የዚያን ቀን ምልክቱ አልመጣም። ጠበቀች፣ አልመጣም፤ ያለ ምልክት ተነሳች። «እናትየዋ እንደዚያ ካሉኝ በኋላ እንዴት ልጨርሰው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ መረቡ ሳያልቅ ነው የሚያሳዩት።

እስኪ አስቡት። አንዲት ተመልካች ሁለት ቃል እንኳን ሳይሞላ ተናገሩ፤ የተውኔቱ መጨረሻ ተቀየረ። ተቀይሮም ተሻለ።

ያን ማታ ወደ ቤቴ በእግሬ ነው የሄድኩት። የዘንባባዎቹን መንገድ ይዤ ሳዘግም አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። እኔ ምን ነካኝ? ብዙ ሰው ተውኔት ላይ የሚያለቅሰው የራሱን ታሪክ ስለሚያስታውስ ነው ይባላል። እኔ ግን ዓረብ አገር የሄደ እህትም ልጅም የለኝም። አባቴ ዓሣ አጥምዶ አያውቅም። ከዚያ መድረክ ላይ የኔ የሆነ ነገር አልነበረም። ታዲያ እንባው ከየት መጣ?

እስካሁን ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ያን ምሽት አንድ ሰው ሊደብቀው የሚፈልገውን ነገር ሳይነግረኝ አየሁበት። በኑሯችን እንዲህ ያለ ነገር ዘወትር ያልፈናል። አባት ልጁን ሲሸኝ መኪናው ላይ ያለውን ዕቃ ደጋግሞ ያጠብቃል። እናት እንግዳው በልቶ ጠግቦ ሳለ እንጀራ ትጨምራለች። ሆድ ይፍጀው ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ትልቁ ነገራችን የሚወጣው በእጃችን ነው፤ ባፋችን የምናወራው ስለ ዶሮና ስለ ወንፊት ነው። በኑሮ ግን ስለምንጣደፍ እጅን የሚያይ የለም። ያ ክፍል ለአንድ ሰዓት ያህል እጅ እንዳይ አስገደደኝ። ሌላ የማየው ነገር አልነበረማ።

አሁን ይህንኑ ተውኔት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ እናስገባው። ከሃያኛው ረድፍ የሚፈታ ቋጠሮ አይታይም። ቋንጣው ድንጋይ ይሁን ዳቦ አይለይም። ያ ዝምታ ከኋላ ላለው ሰው ተዋናዩ ቃሉን የረሳ ያስመስለዋል። ስለዚህ ደራሲው አባትየውን ማናገር ሊኖርበት ነው። «ልጄ ሆይ፣ አትሂጂብኝ! ያላንቺ ቤቴ ጨለማ ነው!» ማለት ይኖርበታል። ቃሉ ያምራል፤ ሊጨበጨብለትም ይችላል። ነገር ግን እኔ የማውቀው የጣና ዳር አባት እንዲህ አይናገርም። ርቀቱ ሰውየውን ሌላ ሰው አደረገው ማለት ነው።

ትልቁን መድረክ ማንኳሰሴ አይደለም። የኛ ዘመናዊ ቴአትር የተወለደውም ያደገውም ለብዙ ሰው እንዲናገር ሆኖ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ያቀረቡት የመጀመሪያው ተውኔት በአውሬዎች ተመስሎ ሹማምንትን የሚነቅፍ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል መኳንንቱ ፊት ታየ፤ ነገሩ ስለነካቸውም ታገደ። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ጣሊያን ሊወረን ደጃፍ ላይ ነበር፤ መድረኩ ሕዝብ መቀስቀሻ ነበር። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው አዳራሽ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ለዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ነው። ስብከት፣ ቅስቀሳና በዓል ትልቅ ድምፅ ይፈልጋሉ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ያን ትልቅ ድምፅ ወስዶ ወደ ከፍተኛ ግጥም አወጣው። የሱን ረጃጅም ንግግሮች በትንሽ ክፍል ማስጮህ ግፍ ነው፤ ሰፊ አየር ይፈልጋሉ። እዚህም በሙሉዓለም የባህል ማዕከል ውዝዋዜና ሙዚቃው መድረኩን ሲሞላው ደስ እያለን ነው የምናየው። ያ በቦታው ይኑር።

እኔ የምለው አንድ ዓይነት ብቻ ይዘን ቀረን ነው። ቅርቡን የመስማት ልማድ ግን አለን። አዝማሪ ቤት አስታውሱ። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ፊትህ ይቆማል፤ «ተቀበል!» ብለህ ግጥም ትሰጠዋለህ፤ እሱም ተቀብሎ ያዜመዋል። ተመልካችና ተጫዋች የሚባል ድንበር እዚያ ቤት የለም። ለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርድ ሴትም እንደዚሁ ናት። የሟቹን ነገር ታነሳለች፤ ዙሪያዋን ያሉት እየተቀበሉ ያለቅሳሉ። የምታናግራቸውን ሰዎች ፊት ስለምታይ የቱ ቃል የቱን ሰው እንደነካ ታውቃለች።

የወጋየሁ ንጋቱን ነገር ደግሞ ልጨምር። ወጋየሁ በትልቁ መድረክ ታላቅ ተዋናይ ነበር። የአገሩ ሰው ሁሉ የሚወደው ግን በሬዲዮ ነው፤ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚባለው ፕሮግራም የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በተረከበት ድምፁ። ታሪኩ የኛው የጎጃም ነው። ጉዱ ካሳን፣ በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልን አንድ ሰው በአንድ ጉሮሮ ነው ያመጣልን። ያን ትረካ የሰማነው የት ነው? ሳሎን ውስጥ፣ ሬዲዮው አጠገብ ተሰብስበን። ወጋየሁ መጮህ አላስፈለገውም። ማይኩ አፉ ሥር ነው፤ እኛም ጆሯችን ሬዲዮው ሥር ነው። ትንፋሹን እንሰማዋለን። ለኔ ይህ ከአገራችን ምርጥ የትወና ሥራዎች አንዱ ነው፤ የታየውም አንድ ክፍል በሚያህል ቦታ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በውጭው ዓለምም ይህን በግልጽ ያሰቡ ሰዎች ነበሩ። የስዊድኑ ጸሐፌ ተውኔት አውጉስት ስትሪንድበርግ እ.ኤ.አ. በ1888 ለአንድ ተውኔቱ በጻፈው መቅድም ትንሽ መድረክና ትንሽ አዳራሽ እንዲሰጡት ጠየቀ። ከመድረኩ ጠርዝ ከታች ወደ ላይ የሚበራው መብራት እንዲነሳ፣ የፊት ቀለሙም እንዲቀንስ ፈለገ፤ የተዋናዩ ዓይን እንዲታይ። በ1907 ስቶክሆልም ውስጥ 161 ወንበር ብቻ ያለው ቴአትር ተከፈተለት። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1910 ተዘጋ። የተጻፉለት ተውኔቶች ግን እስከ ዛሬ ይታያሉ።

ይበልጥ የሚያጓጓኝ ግን የፖላንዱ የዬርዢ ግሮቶቭስኪ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የተረከበው ቴአትር 13 ረድፍ ወንበር ብቻ ነበረው፤ ስሙም በዚያው ተጠራ። ጌጡን፣ የፊት ቀለሙን፣ የተራቀቀውን መብራት አንድ በአንድ እየቀነሰ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ የቀሩት ተዋናይና ተመልካች ናቸው። «ድሃ ቴአትር» አለው። የዓለምን ቴአትር ከቀየሩት ሥራዎች አንዱ ሆነ። የት ተጀመረ ብትሉኝ፣ ዋና ከተማዋ ዋርሶ አይደለም። ኦፖሌ የምትባል የክፍለ አገር ከተማ ናት። ባሕር ዳር ላይ ተቀምጠን «አዲስ አበባ ካልሄድን አይሆንም» ለምንል ሰዎች ኦፖሌን ማሰብ ጥሩ ነው።

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳጫውት አንዱ ጠንከር ያለ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ቅርብ ማየት ከሆነ የፈለግከው፣ ፊልም አለ አይደል? ካሜራው እጁንም ዓይኑንም ያቀርብልሃል» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሴ ሁለት ነው። ካሜራ የማየውን እሱ ይመርጥልኛል። እጁን ካሳየኝ «እጁን እይ» ማለቱ ነው፤ ነገሩን ነገረኝ። መጋዘኑ ውስጥ ግን እጁን እንዳይ ማንም አላዘዘኝም፤ ራሴ ነኝ ያገኘሁት። ራስህ ያገኘኸው ነገር ይበልጥ ያንተ ነው። ሁለተኛው የእናትየዋ ነገር ነው። ቴሌቪዥን ላይ «አይጨርሱት» ብትሉ ይጨርሱታል።

ያየሁት ተውኔት እንከን አልነበረውም አልልም። መግቢያው አካባቢ ልጅቷ ብቻዋን ሆና ስለ ሥራ አጥነት የምትናገረው ረጅም ነገር አለ። ከአዳራሽ ቴአትር የተረፈ ይመስላል፤ ለሩቅ ሰው የተጻፈ ንግግር ነው። ትንሽ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሐሰት መደበቂያ የለውም። ተዋናይ ሳይሰማው የተሰማው ሲመስል አዳራሽ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል፤ እዚያ ግን ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያፍራል። ወደ መጨረሻውም በስልክ የተከፈተ የመሰንቆ ድምፅ ነበር። አሳዛኝ መሆኑን እንድናውቅ ነው መሰለኝ። አውቀነው ነበር። ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ፤ መሰንቆውን አውጥተውታል፤ ንግግሩን ግን ማውጣት አንፈልግም ነው የሚሉት። መብታቸው ነው።

አሁን ወደ ተጨባጩ ነገር። እዚህ ከእናንተ መሐል ግቢ ያላችሁ፣ ትምህርት ቤት የምታስተዳድሩ፣ ካፌ ያላችሁ ሰዎች አላችሁ። ሒሳቡን እንሥራ። አርባ ሰው በ100 ብር 4,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ ሁለት ተዋናዮች፣ አንድ ጸሐፊ፣ መብራትና ኪራይ ይወጣል። አያበላም። ለዚህ ነው ልጆቹ ቀን ቀን ሌላ ሥራ የሚሠሩት፤ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ ፋርማሲ ውስጥ ናት። ኪራዩ ከላያቸው ቢነሳ ግን በወር ጥቂት ምሽቶች ማሳየት ይችላሉ። ስፖንሰርና ትልቅ ባነር አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው ክፍል ነው።

ምን ዓይነት ክፍል? ይህንንም ጠይቄያቸዋለሁ። አርባ ወንበር የሚይዝ ይበቃል። ከዋናው መንገድ ራቅ ቢል ጥሩ ነው፤ የባጃጅ ጡሩምባ ዝምታውን ይገድለዋል። ጄኔሬተር አጠገቡ መኖር የለበትም፤ መብራት ከጠፋ በባትሪ ይሠራሉ። ከሁሉ በላይ ግን ኮርኒስ ይኑረው። መጋዘኑ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ክረምት ከገባ ወዲህ አንድም ቀን ማሳየት አልቻሉም፤ ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታው «እስከ አዲስ አበባ ብዪው» የሚለውን ከአንድ ክንድ ርቀትም የሚሰማው የለም። ባለቤቱም ከመስቀል በኋላ ሲሚንቶ ሊያስገባበት ነው።

ልጆቹ ሁለቱም መጥተዋል፤ ከኋላ በኩል ናቸው። ክፍል ያላችሁ ሰዎች ሻይ ስንጠጣ እነሱን አናግሯቸው።